ባሕሩ በሚዘጋበት ወራት

ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ የኦማን ደቡብ በሆነው በዙፋር ጠረፍ ሲያልፍ ያየው ነገር አስገርሞት ጽፎታል። የአገሩ ሰው ከብቱንና በጉን የሚቀልበው በሰርዲን ዓሣ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር አላየሁም ይላል። ከእሱ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ማርኮ ፖሎ ዛሬ በየመን ስላለው የሺሕር ወደብ በተወው ወሬ ውስጥም ዓሣ የሚበሉ ከብቶች አሉ። ጀርባው በረሃ የሆነ ጠረፍ፣ ከሰው ተርፎ ለግመል የሚበቃ ዓሣ ከየት አገኘ? ሁለቱም ተጓዦች ይህን አልጠየቁም። መልሱ ግን የዚያን ባሕር መርከቦች በሚያመላልሰው ነፋስ ውስጥ ነበር።

የሕንድ ውቅያኖስን የነፋስ ታሪክ የጻፉልን ተሻጋሪዎች ናቸው። ነጋዴው፣ ካፒቴኑ፣ ሐጃጁ ነፋሱን የሚያውቁት በመንገድነቱ ነው፤ መቼ ይነሳል፣ መቼ ይገለበጣል፣ የትኛው ወደብ ያደርሳል። በዳር ተቀምጠው ከዚያው ነፋስ እንጀራቸውን የበሉት ሰዎች ግን መጽሐፍ አልተዉም። እኔም ራሴ ከተሻጋሪዎቹ ወገን ነኝ። የጉልምስና ዘመኔን ያሳለፍኩት በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው፤ ቤተሰቦቼ አሰብ ላይ ሸኝተውኝ አሰብ ላይ ይቀበሉኝ ነበር። የዳሮቹ ሰዎች ዕውቀት ከእኛ ዕውቀት ይጠልቃል ብዬ የማምነው ግን መርከቡን ከተውኩ በኋላ ሳነብ አይደለም፤ እዚያው ሞተር ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው።

የመርከብ ሞተር የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው። ከመርከቡ ሆድ በታች ባለው ቀዳዳ ውሃው ይሳባል፣ በወንፊት ያልፋል፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ዞሮ ተመልሶ ወደ ባሕር ይፈስሳል። በመግቢያው ቧንቧ ላይ ቴርሞሜትር አለ። ተረኛው በየአራት ሰዓቱ ፈረቃ ቁጥሩን እያየ በመዝገብ ይጽፋል። በሐምሌ ወር ከአሰብ ተነስተን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንቀዝፍ ቁጥሩ ከ30 ዲግሪ አይወርድም፤ ሞተር ክፍሉ እሳት ነው፣ ሸሚዝ ገላ ላይ አይውልም። የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ የሆነውን ራስ አሲርን ዞረን፣ አፍንጫችንን ወደ ደቡብ አድርገን የሶማሊያን ጠረፍ ስንይዝ ግን ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። 27፣ 24፣ 22። ራስ ሐፉን አካባቢ ከ20 በታች። ከምድር ወገብ በ10 ዲግሪ ርቀት ላይ፣ በዓመቱ መካከል፣ እንደ አዲስ አበባ ማለዳ የቀዘቀዘ ውሃ! ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይቀዘቅዝ ቫልቩን እንቀንሳለን።

ቀጥሎ የሚመጣው የወንፊቱ ጣጣ ነው። የፓምፑ ግፊት ይወርዳል፤ ወንፊቱ ተደፍኗል ማለት ነው። ቫልቩን ዘግተን፣ ብሎኖቹን ፈትተን ክዳኑን ስናነሳ በብረቱ ቅርጫት ውስጥ የምናገኘው አረንጓዴ ልጋግ፣ የተቦጫጨቀ ጄሊፊሽና የጣት ርዝመት የማይሞላ ብርማ ዓሣ ነው። ሽታው የረጠበ አለት ሽታ ነው፣ ሹል ነው፣ ከናፍታው ሽታ ጋር ተደባልቆ ለቀናት ከእጅ አይለቅም። በኤደን ባሕረ ሰላጤ መካከል አንዴም ያልከፈትነውን ወንፊት እዚህ በአንድ ፈረቃ መክፈት ግድ ይሆናል። ወደ መርከቡ ወለል ስወጣ ሰማያዊው ባሕር የለም፤ ውሃው ወፍራም አረንጓዴ ሆኗል፣ አድማሱ በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ወፉ ከማዕበሉ በላይ ይተራመሳል።

የመርከባችን ቦሱን (የመርከበኞቹ አለቃ) የምጽዋ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው በሳንቡክ እስከ ሞካና ኤደን የተመላለሱ፣ ሁላችንም «ዓሚ» እያልን የምንጠራቸው። ወንፊት አጥቤ፣ ተቆጥቼ የወጣሁ ቀን አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በዚህ ወራት ባሕሩ ዝግ ነው። አሁን የሚበላው ዓሣው ነው። የሰው ተራ ነፋሱ ሲወድቅ ይመጣል።» ሶማሌዎችም እነዚህን ወራት በቋንቋቸው የተዘጋ ባሕር ይሏቸዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የአረብ መርከብ መሪ አሕመድ ኢብን ማጂድ ስለ ባሕር ጉዞ በጻፈው መጽሐፍም የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ በሚበረታበት ጊዜ ባሕሩ ለሦስት ወር ገደማ እንደሚዘጋ አስፍሯል። ለእሱ መዘጋቱ የመንገድ መዘጋት ነው። ለዓሚ ግን የማዕድ ሰዓት ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ሳይንሱ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ የመጀመሪያው ፍንጭም የተገኘው ከዚህ ሞቃት ባሕር ሳይሆን ከሰሜን ዋልታ በረዶ ነው። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 «ፍራም» የተባለች መርከቡን በበረዶው ውስጥ አስይዞ ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ነፋሱ በሚገፋበት አቅጣጫ በቀጥታ እንደማይሄድ ልብ አለ። ከነፋሱ ወደ ቀኝ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ያጋድላል። ምክንያቱ የምድር መሽከርከር መሆኑን ናንሰን ጠርጥሮ ነበር፤ ሒሳቡን የሠራው ግን ስዊድናዊው ወጣት ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን ነው። በ1905 ባሳተመው ጥናት ላይ እንዳሳየው፣ ነፋስ የላይኛውን ውሃ ሲገፋ የላይኛው ከሥሩ ያለውን ይጎትታል፣ ያም ቀጣዩን። ተደራርቦ የተቀመጠ እንጀራን ከላይ በመዳፍ ሲገፉት እያንዳንዱ ከበላዩ ካለው ትንሽ ወደ ቀኝ እየዞረ፣ እየደከመም ቢሄድ ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ነፋሱ የሚያንቀሳቅሰው ውሃ በጠቅላላው የሚሄደው ከነፋሱ ቀኝ በ90 ዲግሪ ነው።

አሁን ካርታውን እንዘርጋ። የሶማሊያ ጠረፍ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ የዙፋር ጠረፍም እንዲሁ። የክረምቱ ነፋስ የሚነፍሰው በዚያው አቅጣጫ፣ ጠረፉን ታክኮ ነው። የነፋሱ ቀኝ ማለት እንግዲህ ጥልቁ ባሕር ነው። የላይኛው ሞቃት ውሃ ከዳር እየተገፋ ይሸሻል፤ የሸሸውን ሊተካ የሚችለው ደግሞ ከሥር፣ ከ100 እና ከ200 ሜትር ጥልቀት የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ቴርሞሜትሬ ላይ ያየሁት ይህን ነው።

ቅዝቃዜው ምልክት እንጂ ዋናው ነገር አይደለም። ባሕር ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ሲሞት ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ባክቴሪያ ያፈርሰዋል፤ በሥጋው ውስጥ የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ተመልሶ በውሃው ይሟሟል። ግን ይህ የሚሆነው ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ነው። ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛው መቶ ሜትር ገደማ ዘወትር ይራባል፤ ከሥሩ ያለው ጨለማ ደግሞ ሀብታም ነው፣ ግን ብርሃን ስለሌለ የሚጠቀምበት ዕፅ የለም። በሞቃት ባሕር ላይ ሁለቱ አይገናኙም፣ ምክንያቱም ሞቃቱ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ እንደ ተኛ ይቀራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነፋስ ነው። ያኔ በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፀዋት በቀናት ውስጥ ይባዛሉ፣ እነሱን ጥቃቅን እንስሳት ይበላሉ፣ እነዚያን ሰርዲኑ። ወንፊቴን የደፈነው ይህ ሰንሰለት ነበር።

የነፋሱ የራሱ ታሪክም አለ፤ እዚህ ላይ አገራችን በእውነት ትገባለች። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1686 የዓለምን ዋና ዋና ነፋሳት በካርታ ሲያሳይ የሕንድ ውቅያኖስን ሞንሱን ጨምሮበታል፤ ነፋሱ ለምን በዚህ ጠረፍ ላይ እንዲህ እንደሚጠነክር ግን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በውል አልታወቀም። በ1969 ጆን ፊንድሌተር የተባለ የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያ፣ በኬንያና በአካባቢዋ ከሚለቀቁ የመለኪያ ፊኛዎች የተሰበሰበውን መረጃ አቀናብሮ አንድ ጠባብ የአየር ጅረት መኖሩን አሳየ። ከደቡብ ንፍቀ ክበብ መጥቶ በኬንያ ላይ ምድር ወገብን ያቋርጣል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍ ባለ ሰማይ ላይ በሶማሊያ በኩል ይሮጥና ወደ ሕንድ ያቀናል። እንዲህ ጠቦ የሚሮጠው በምዕራብ በኩል ግድግዳ ስላለበት ነው፤ ግድግዳውም የኬንያና የኢትዮጵያ ተራሮች ናቸው። የባሌና የሐረርጌ ተራሮች ባይኖሩ ነፋሱ በሰፊው ተበትኖ፣ ደክሞ ይሄድ ነበር። የራስ ሐፉን ሰርዲን ከእኛ ደጋ ጋር በዚህ መንገድ ይዛመዳል። የዝናባችን ነገር ሌላ ነው፤ የክረምቱ እርጥበት ከኮንጎና ከአትላንቲክ ወገን ጭምር ስለሚመጣ ሁሉንም ለዚህ ነፋስ መስጠት አይገባም። የሶማሊያ ጠረፍ ራሱ በእነዚያ ወራት ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ተነስቶ ደመና አይቋጥርም። ባሕሩን የሚመግበው ነፋስ ምድሩን ያስርበዋል።

መርከበኛው ከዚህ ነፋስ ያተረፈው ፍርሃት ነው። ውሃው ሲበረታ በጠረፉ ሥር በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ይፈስሳል፤ ይህ ጅረት ደግሞ በዓለም ካሉት ታላላቅ ጅረቶች ሁሉ ተለይቶ እንደ ወቅቱ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ነው። ከቀዝቃዛው ውሃ የሚነሳው ጭጋግ የባሕሩን ዳር ይሰውረዋል። ከደቡብ የሚመጡ መርከቦች ራስ ሸነጌፍ የተባለውን አፍንጫ ራስ አሲር መስሏቸው ያለ ጊዜያቸው ወደ ምዕራብ ይታጠፉና አሸዋው ላይ ይወጡ ነበር። ጣሊያኖች በ1924 ራስ አሲር ላይ መብራት አቆሙ፣ በ1930 ደግሞ በድንጋይ አሠሩት፤ ያም ሆኖ ጭጋጉ ሲከብድ መብራት ምን ያደርጋል።

ባሕሩን ሊመረምሩት የመጡም ነበሩ። በመስከረም 1933 «ማባሒስ» የተባለች የግብፅ መርከብ ከእስክንድርያ ተነሳች። መሪው እንግሊዛዊው ሲይሞር ሲዌል ቢሆንም አብዛኛው መርከበኛ ግብፃዊ ነበር፤ ሐኪሙና ተመራማሪው ሑሴን ፋውዚም አብሯቸው ነበር። እስከ ግንቦት 1934 በዐረቢያ ባሕር ሲዘዋወሩ ካገኙት ሁሉ እኔን የሚይዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ከመሐለኛው ጥልቀት የባሕር ወለል መረባቸውን ሲያወጡ ባዶውን የወጣባቸው ቦታዎች ነበሩ፣ ሕይወት የሌለባቸው። ላይ ላዩን እንዲህ የጠገበ ባሕር ከሥሩ ለምን ይሞታል? የጥጋቡ ዕዳ ስለሆነ ነው። የሚሰምጠው ሬሳ ሲበዛ ባክቴሪያው እሱን ለማፍረስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከ150 ሜትር ገደማ እስከ 1000 ሜትር ድረስ የዐረቢያ ባሕር ውሃ ትንፋሽ የለውም ማለት ይቻላል። ነፋሱ አንዳንዴ ይህን ውሃ እስከ ዳር ያመጣዋል፤ ያኔ የኦማን ጠረፍ ዓሣ ታፍኖ አሸዋው ላይ ይዘረራል።

ከ1960 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ገደማ ደግሞ 40 ያህል መርከቦች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት ተካሄደ። የእንግሊዝ «ዲስከቨሪ» በ1963 በዐረቢያ ጠረፍ፣ በ1964 በሶማሊያ ጠረፍ፣ ነፋሱ በበረታበት ወራት ሠራች። መርከበኛ የሚሸሸውን ወቅት መርጠው መግባታቸውን አደንቃለሁ፤ በዚያ ማዕበል ላይ ጠርሙስ አውርዶ ከጥልቅ ውሃ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የኤክማን ሒሳብ በዚህ ባሕር ላይ በቁጥር የተረጋገጠው እንዲህ ባለ ልፋት ነው።

ዙፋርን ያየሁት ራይሱት ወደብ ላይ ስናራግፍ፣ በታኅሣሥ ነው። ከሳላላ ወደ ምሥራቅ፣ በጣቃና በሚርባጥ በኩል፣ ከባሕሩ ዳር ያለው ሜዳ በሰርዲን ተሸፍኖ ያበራል። ዓሣው አልተቀደደም፣ ጨው አልነካውም፤ በአሸዋ ላይ ተበትኖ በፀሐይ ብቻ ነው የሚደርቀው። አንድ ሽማግሌ በሰፊ መንሽ ያገላብጡ ነበር። የደረቀውን በእጄ አነሳሁት፤ ክብደት የለውም፣ ሲጨብጡት ቅርፊቱ ከመዳፍ ላይ ይጣበቃል፣ ዘይቱ ግን ጣት ላይ ይቀራል። ጆንያ ሞልተው ወደ ተራራው ይወስዱታል፤ ግመሉና ላሙ ሣር ባለቀበት ወራት የሚከርሙት በዚያ ነው። ኢብን ባጡጣ ያየውን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቼ አየሁ። ተራራውም ቢሆን የዚያው ነፋስ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እነሱ ኸሪፍ በሚሉት ወቅት፣ እርጥቡ አየር በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ሲያልፍ ጭጋግ ይሆንና ተራራው ላይ ያርፋል፣ ዛፉን ያጠጣል፣ በዐረቢያ ምድር ላይ ለምለም ሣር ያበቅላል። በጋ ላይ ዓሣ፣ ክረምት ላይ ሣር፤ ሁለቱም ከአንድ ቀዝቃዛ ውሃ። በዚያው ወራት በአለቱ ላይ የባሕር አረም ይበቅላል፣ አረሙን አባሎኒ የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ቀንድ አውጣ ይመገባል፣ ባሕሩ ሲከፈት ጠላቂዎች ያወጡትና ወደ ሩቅ ምሥራቅ በውድ ዋጋ ይሸጣል።

እ.ኤ.አ. በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ፣ እኛ ስለ አዱሊስና ስለ ንጉሥ ዞስካሌስ የምንጠቅሰው ያው መጽሐፍ፣ በዚህ ጠረፍ የሚኖሩትን «ዓሣ በሊታዎች» እያለ ያልፋቸዋል። ከግብፅ በሐምሌ ተነስቶ በነፋሱ ወደ ሕንድ መሻገርን የጀመረው ሂጳሎስ ነው ብሎ ያንን መርከበኛ ያከብራል። ሂጳሎስ መከበሩን አልቃወምም። ግን አንዱ ነፋሱን ለመሻገሪያ ብቻ ሲያውቀው፣ ሌሎቹ የነፋሱን ጥጋብ አድርቀው፣ አስቀምጠው፣ የከብት መኖ አድርገው ዘመናትን ኖረውበታል። ከሁለቱ የትኛው ዕውቀት ይበልጣል ቢሉኝ መልሴ የሁለተኛው ነው።

ዛሬ ነፋሱና ውሃው የት እየሄዱ እንደሆነ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። በ2005 የወጣ ጥናት ነፋሱ እየበረታ የባሕሩ ዕፅ እየበዛ ነው አለ፤ በ2016 የወጣው ደግሞ የምዕራቡ ሕንድ ውቅያኖስ ወለል በመሞቁ ባለፉት ስድስት ዐሥርት ዓመታት ዕፁ እስከ 20 በመቶ ቀንሷል አለ። ሞቃቱ ሽፋን በወፈረ ቁጥር ነፋሱ ከሥር ያለውን ውሃ ለማውጣት እንደሚከብደው ከላይ ካልኩት ይገባል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ያሳስበኛል።

ከዓሚ አገር፣ ከምጽዋም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ቀይ ባሕር ወንዝ የማይገባበት፣ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ በትነት የሚያጣ፣ ሰሜኑ እጅግ የተራበ ባሕር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1954 ከምጽዋ ጠረፍ የወጣው ዓሣ 25 ሺህ ቶን ገደማ ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው ሰርዲንና አንቾቪ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የእንስሳት መኖ ሆኖ ወደ ውጭ የሚላክ። ዓሚ በልጅነታቸው ያንን ዓሣ በጆንያ የሞሉ ናቸው። በ1967 የስዌዝ ቦይ ሲዘጋና ጦርነቱ ሲከፋ ሥራው ወደቀ። ግን ያ ሁሉ ዓሣ ምን ይበላ ነበር?

መልሱ በባብ ኤል መንደብ በር ነው። በበጋ የቀይ ባሕር ደቡብ ነፋስ ከኤደን በኩል ስለሚነፍስ የላይኛው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጨዋማው የቀይ ባሕር ውሃ ደግሞ ከሥር ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ቀይ ባሕርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዘውና የላይኛውን ውሃ በበሩ ወደ ኤደን ይገፋዋል። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ደግሞ ሞንሱኑ ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ላይ አቅርቦታል። ያ ውሃ፣ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይዞ፣ ከላይ በሚወጣውና ከታች በሚወጣው መካከል ገብቶ በበሩ ወደ ሰሜን ያልፋል። በ2011 በቀይ ባሕር የተዘዋወረ የምርምር መርከብ ይህን ውሃ በሩን አልፎ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ሲሄድ ለክቶታል፤ የገባበት ቦታ ሁሉ በባሕር ዕፅ የበለጸገ ነበር። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ደቡባዊ ቀይ ባሕር ከሰሜኑ ይልቅ የሚጠግበው በዋናነት በዚህ መንገድ በሚመጣ ምግብ ነው፤ ዓሚ በጆንያ የሞሉት ሰርዲን የኖረውም በዚያው ውሃ ውስጥ ነበር።